ቁልቁለቱ ላይ «ቡኢ!» ያሉኝ ሽማግሌ

ዛሬ ጠዋት ከጎሬ ወደ መቱ በብስክሌት ቁልቁል እየበረርኩ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ዘርግተው መንገዱ መሃል ቆሙብኝ። ፍሬኔ ባይዝ ኖሮ ሁለታችንም አልነበርንም።

«ቡኢ!» አሉኝ በኦሮምኛ። «ውረድ ብዬሃለሁ!»

ለመጪው ዓመት የምገባበትን ረጅም የብስክሌት ውድድር እየመረጥኩ ነበር። አንዱ ሜዳ የሚበዛበት የጅማው ነው። ሌላው ከቡሬ ተነስቶ በጎሬ አድርጎ መቱ ይገባል። ልቤ ለዚህኛው ያደላው ሽማግሌው በቆሙበት በዚሁ የቁልቁለት ጥምዝ ምክንያት ነው፤ እዚህ ላይ ማንም አይደርስብኝም።

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

ዘጠናን ያለፉ ናቸው። «በጣሊያን ጊዜ አባቴ ይህን መንገድ በግድ ሲቆፍር አፈሩ ተደረመሰበት። ከአራት ሰው ጋር። ሥራው እንዳይዘገይ ተብሎ አላወጧቸውም፤ በላያቸው ደለደሉት። እናቴ ምሳውን ይዛ ስትመጣ መንገዱ አልቆ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ እዚህ የደረሰ ሁሉ ከበቅሎው ወርዶ ያልፍ ነበር አሉ፣ ሙሽራም ቢሆን። «መኪናው መጣና ቀረ።»

ወርጄ እየገፋሁ አለፍኩ። ግልቢያዬን የሚመዘግበው ስልኬ የቆምኩ መስሎት ሰዓት መቁጠሩን አቋረጠ። እኔ ግን እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፍቶኝ ነበር።

የተመዘገብኩት ለቡሬው ነው። ጥምዙ ጋ ሁሉም ሲያልፈኝ ብታዩ ጎማው ፈንድቶበት ነው አትበሉ።

እናንተ ሰፈርስ ወርዳችሁ የምታልፉት መንገድ አለ? ንገሩኝ። ሳላውቅ ስንቱ ላይ እንደበረርኩ እንጃ።