የታሸገው የውሃ ካርታ

ወረፋ ድሮም አልወድም፤ ያን ዕለት ግን ባሰብኝ። ለቀበሌያችን ውሃ ሊያወጣ የመጣው የጉድጓድ ቆፋሪ መኪና ጎብዬ ከተማ ቆሟል። ሾፌሩ «የት ልቆፍር? ልሂድ ወይ?» እያለ በስልክ ይነዘንዘኛል። ውሃው የት እንዳለ የሚያሳየው ካርታ ደግሞ ቆቦ፣ እኔ በተሰለፍኩበት መዝገብ ቤት ታሽጎ ተቀምጧል። ድሮ አንድ የውጭ አገር መንግሥት አጥንቶ፣ «ምስጢር» ብሎ የላከው ነው።

«ወንድሜ፣ ያለ ሰጪው አገር ፈቃድ መክፈት አይቻልም» አለኝ ተራዬ ሲደርስ የመዝገብ ቤቱ የሕግ ባለሙያ፣ ሻዩን እያማሰለ።

«ወላሂ፣ ውሃው እኮ የኛ ነው!»

«ውሃው የናንተ ነው፤ ካርታው የነሱ ነው።»

ስልኬ እንደገና ጮኸ።

«ያ አገር ፈርሶ የለ እንዴ?» ብዬ ባለሙያው ላይ ጮህኩ።

«እናውቃለን» አለኝ ረጋ ብሎ። «ደብዳቤ ጽፈንለት መልሱን እየጠበቅን ነው።»