ሙሄዲንና የቧንቧ ውሃ በረንዳዎች

የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልብስ ሰፊው ሙሄዲን ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ቤቱ ውስጥ ሳይሆን በረንዳው ላይ ነው። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ለመስፋት የደጅ ብርሃን ያስፈልገዋል። ድንገት ሲዘንብ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ይጠለላል፤ ከተጠለሉት አንዱ የሸሚዙ ቁልፍ መውለቁን ያስታውሳል። በረንዳው ከሌለ ሥራውም የለም።

በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አንድ መሐንዲስ ንድፍ ዘረጋ፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሰልፍ መንገዱ ይሰፋል፣ የእንጨት በረንዳዎቹ ይፈርሳሉ፣ የቤቶቹም ፊት አንድ ወጥ ይሆናል።

ሙሄዲን የሰፈሩን ሰው ያውቀዋል። ሊቀመንበሩ «የምትደግፉ» ሲል ጥጥ የምትፈትለውም የሚያንቀላፋውም እጁን ያወጣል፤ ስለ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ነው። ባለፈው ወር እሱም እንዲሁ አድርጓል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ የሥርዓት ሐሳብ ነበረኝ» አለ ተነስቶ።

«ይናገሩ፣ አያ ሙሄዲን» አለ ወጣቱ ሊቀመንበር ፈንታሁን።

«ደጋፊ ስንቆጥር ሁልጊዜ ይመሽብናል። ዛሬ ከተቃዋሚ እንጀምር። ወላሂ፣ አንድም ሰው አይኖር፤ ቶሎ እንገላገላለን።»

ፈንታሁን ሰዓቱን አየ። «ደግ። የምትቃወሙ፣ እጅ!»

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ጥግ ይዛ የምታንቀላፋው አልጣሽ እንኳ ከእንቅልፏ ሳትነቃ አወጣች።

«ምን ነካችሁ?» አለ ፈንታሁን። «እየተቃወማችሁ እኮ ነው!»

እጆች መውረድ ጀመሩ። ጋዝ ቸርቻሪዋ አባይነሽ ግን የእሷን አላወረደችም።

«ምኑን ነው የተቃወምነው?»

«የበረንዳውን መፍረስ።»

«በረንዳውን? ታዲያ አበጀን! ሐምሌን የት ተጠልለን ልናሳልፈው ኖሯል፣ ንድፉ ሥር?» አለችና ሁለተኛ እጇንም ጨመረች።

ሳቅ ሆነ። የወረዱት እጆች ተመልሰው ወጡ፤ አሁን ግን ሁሉም የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጭምር አነሱ። ፈንታሁን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳተና ለጸሐፊው «ሰፊው ሕዝብ በረንዳው ይቀባ እንጂ አይፍረስ ብሏል፤ ጻፍ» አለው። መሐንዲሱ ንድፉን ጠቀለለ።

ቃለ ጉባኤው ሲነበብ፣ ተቃውሞ ሰማንያ ሦስት፣ ድጋፍ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ አንድ።

«ማነው እሱ?» ብላ አባይነሽ በቁጣ ዞር ዞር አለች።

ሙሄዲን ጭኑ ላይ አጥብቆ የያዛቸውን ሁለት እጆቹን ያየው ያን ጊዜ ነው።