የወንዛችን ዮርዳኖስ

የኔታን «ባንዳ» ብሎ የሰደባቸው ሰው ራሱ የጣሊያን አስተርጓሚ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ አለዚያ ሌላውን ስጽፍ ደሜ እየፈላ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። አርጅቻለሁ፣ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ሰው ነገር ግን አልረሳሁም፤ ልረሳም አልፈልግም።

የኔታ የሥዕል መምህሬ ነበሩ። ቤታቸው ከቀራንዮ ወደ ወንዙ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ እኔ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እሳቸው ዘንድ ሥዕል እንማራለን። የኔታ ያን ጊዜ ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አንድ ትልቅ ሥዕል ጀምረው ነበር፤ ጌታ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ። አቡጀዲው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ሰማዩም ርግቧም ተሠርተው አልቀዋል። የቀረው ውሃውና ወንዙ ዳር የቆመው ሕዝብ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር «ይቺን ልጨርስ እንጂ ሌላ ሥራ አልጀምርም» ይሉ ነበር።

ዮርዳኖስን አይተውት አያውቁም። እኛም አላየነውም። ስለዚህ ዮርዳኖስ የኛው ወንዝ ሆነ። የኔታ ብሩሽ ከመንካታችን በፊት ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር ይወስዱንና፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ትንሽ ራቅ ብለን እንቀመጣለን። ማውራት የለም። ውሃው ድንጋዩን ሲያገኝ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የሾላው ዛፍ ጥላ ሲወድቅበት መልኩ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። ስንመለስ ከገደሉ ሥር ቢጫውን አፈር ለቀለም ቆፍረን እንወስዳለን። አንዴ ውሃውን ደርድሬ ቀጥ ቀጥ አድርጌ ሠርቼ ባሳያቸው፣ «ይኼ የነጠላ ጥለት ነው፤ ማን ይጠመቅበታል?» አሉኝ። ጓደኛዬ ሳምንት ሙሉ «ጥለቱ» እያለ ሲጠራኝ ከረመ።

ሌላም ያስተማሩን ነገር አለ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አስብ ነበር። ደግ ሰው ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉው፣ ሰይጣኑም ይሁን ጌታን የሰቀለው ወታደር፣ በጎኑ ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። የኔታ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

ጣሊያኖቹ ወንዙ ዳር ሰፈሩና በሽቦ አጠሩት። ወንዝ ይታጠራል? እነሱ አጠሩት። ልብስ ማጠቢያችን በቅሎ ማጠቢያ ሆነ። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ዳገቱን ዞረው መሄድ ጀመሩ፣ የኔታም ሥራ ቆመ። እኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ትዕግሥት የለኝም፤ «የኔታ፣ ስንት ዓመት ያዩትን ወንዝ ከልብዎ አይሠሩትም?» አልኳቸው።

«ሳላይ ከሠራሁ እጄ የለመደውን ነው የሚሠራው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ግድግዳው ሥር ይቀመጡና ባዶውን አቡጀዲ እያዩ ይውላሉ። እንደዚያ ሆነው ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

አስተርጓሚው የመጣው ያኔ ነው። የኛው ደብር ሰው ነው፤ ክርስትና የተነሳው እዚያው ነው። ጣሊያን በሰጠው ቡትስ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልፎ ገባና ሳይቀመጥ፣ «የካምፑ አዛዥ ካፒታኖው ወንዙ ዳር ተቀምጦ እንዲሣል ይፈልጋል። ከሣልክለት ወደ ወንዙ ያስወርድሃል» አላቸው። አንተ አላቸው። አባቱ እንኳ ቆመው «እርስዎ» የሚሏቸውን ሽማግሌ። ጓደኛዬ በክርኑ ባይጎስመኝ ኖሮ ያን ቀን ወይ እሱ ወይ እኔ አንተርፍም ነበር።

የኔታ ግን «እሺ» አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ራሴ ታዘብኳቸው። በማግስቱ ዕቃ ተሸክመን ሽቦውን አልፈን ገባን። ካፒታኖው ወንበር አስወጥቶ ደረቱን ነፍቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የኔታ ጥቂት አዩትና ለአስተርጓሚው፣ «ፊቱን ወደ ወንዙ ያዙርልኝ በለው» አሉ። ካፒታኖው በጣም ደስ አለው፤ በአገሩ የነገሥታቱ መልክ ገንዘብ ላይ የሚቀረጸው እንዲህ በጎን ነው ብሎ አስተረጎመ። ሦስት ጠዋት እንደዚያው ወንዙን እያየ ተቀመጠላቸው።

ሥዕሉ ሲያልቅ ቀረብ ብዬ አየሁት። ወንዙ አለ፣ ሾላው አለ፣ ቡትሱ፣ መዳልያው፣ አንድም የጎደለ የለም። ፊቱ ላይ ግን አንድ ትልቅ ዓይን ብቻ ናት ያለችው። ልክ በቤተ ክርስቲያናችን ምዕራብ ግድግዳ ላይ እንዳለው ሰይጣን። ጓደኛዬ ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመስሎ እስኪያነባ ሳለ። አስተርጓሚው አንድ ቃል ቢተነፍስ የኔታ ያን ቀን ይረሸናሉ። እሱ ግን ሥዕሉን አየት አድርጎ፣ ካፒታኖውን እያየ፣ «ቁርጥ ራሱን» አለ። አላየም። እዚያው ግድግዳ ሥር ያደገ ሰው አላየም።

ካፒታኖው ፈቃድ ሰጠን፣ የኔታም ወደ ውሃቸው ተመለሱ። የዮርዳኖስ ውሃ ከጌታ ጉልበት ደርሶ ሳለ ጣሊያን ተሸንፎ ወጣ። እልል ብለናል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያ አስተርጓሚ ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ዝናር ታጥቆ፣ አርበኛ ሆኖ ብቅ አለ። ከካምፑ ያወጣውን የካፒታኖውን ሥዕል ከፍ አድርጎ ያዘና፣ «እርስዎ ባንዳ ነዎት፤ በዚህ እጅዎ የጌታን ሥዕል ሊነኩ አይገባም» አላቸው። ባንዳ ለማለት ሲሆን «እርስዎ» መጣለት።

ይባስ ብሎ ሰው ሰማው። አብረውን ከወንዙ በሽቦ የተከለከሉ ሰዎች እያጉረመረሙ ከየኔታ ፈቀቅ ፈቀቅ ሲሉ በዓይኔ አየሁ። የደብሩ አለቃ እንኳ መሬት መሬት እያዩ፣ «ነገሩ እስኪጣራ ግድግዳውን ባይነኩት» አሉ። እስኪጣራ አሏቸው። የሰውየው ዓይን በየቀኑ እየጨለመ ነው፣ እነሱ ያጣራሉ። ልናገር አፌን ስከፍት የኔታ ክንዴን ጨመቅ አድርገው ያዙኝ።

«ዓይኑን ቁጠሩ» አሉ፤ ሌላ ቃል የለም።

ድሮ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ልብስ ታጥብ የነበረች አንዲት ሴት ወደ ሥዕሉ ተጠጋች፣ ጣቷን አነሳችና «አንድ ናት» አለች። ከዚያ ሳቁ ተነሳ፤ አለቃው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ግን አስተርጓሚውም አብሮ መሳቁ ነው። ማንም ምንም አላለውም። ማንም ያንን ቡትስ የት ጣልከው ብሎ አልጠየቀውም።

የኔታ በማግስቱ ተመልሰው ውሃውን ጨረሱ። ወንዙ ዳር የሚቆመውን ሕዝብ ግን ዓይናቸው እምቢ ስላለ ለእኔ ተዉልኝ። ሁሉንም በሁለት ዓይን ሣልኩ፤ ፈቀቅ ያሉትንም ጭምር። አንድ ሰው ብቻ፣ ከሾላው ሥር፣ ዝናር የታጠቀውን፣ በጎኑ ሣልኩት። የኔታ አፍንጫቸው ግድግዳውን እስኪነካ ተጠግተው አዩትና፣ «እሱም እኮ ሊጠመቅ መጥቶ ይሆናል። ሁለተኛ ዓይን ጨምርለት» አሉኝ።

«እሺ፣ የኔታ» አልኩ። አልጨመርኩም። እሳቸውም ዓመት ሳይሞላ አረፉ፤ በሕይወቴ ያልታዘዝኳቸው በዚህች ብቻ ነው።

ሰውየው ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ሹመትም ጡረታም አገኘ። በየእሑዱ መጥቶ ሥዕሉን የሚሳለመው ልክ ከሾላው ሥር፣ ከራሱ ምስል በታች ነው፤ ግንባሩን አስነክቶ ይስማል። አንድ ቀን እዚያው ቆሜ አገኘኝና ቀና ብሎ እያየ፣ «ወንዛችን እኮ ቁርጥ ራሷን ናት» አለኝ።

«ሰዎቹም» አልኩት።