ከፋይሉ አናት የጠፋው ስም

ሮማን ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። እናቷ ስትታመም ደብተሯን አስቀምጣ ታቦር አካባቢ ማመልከቻ የሚተየብበት ቤት ተቀጠረች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ ሲዳምኛም አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ቢሮ ሲከፈት በዚሁ ምክንያት ወሰዷት። ስድስት ዓመት ሙሉ መጽሐፉን ወደ ሲዳምኛ የሚመልሱትን ሽማግሌዎች የእጅ ጽሑፍ ከነማስታወሻቸው ስትተይብ ኖረች።

እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ፋይል ነው። በፋይሉ ውስጥ ምዕራፉም፣ ቁጥሩም፣ ማስታወሻውም የየራሱ ምልክት አለው። ከአናቱ ደግሞ የተየበው ሰው ስም ይቀመጣል። የቢሮው ኃላፊ ጋሼ ክብሩ፣ መጽሐፉ ሲታተም በመጨረሻው ገጽ የሚወጡት ስሞች ከዚያ መስመር እንደሚለቀሙ ነግረዋታል። ሮማን ይህን ለማንም አላወራችም፤ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ሌላ የጠበቀችው ነገር አልነበረም።

ዮናስ የመጣው ኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩን ያውቃል፣ ሲዳምኛው ግን ያደናቅፈዋል። ከጎኗ አስቀምጣ አስለመደችው። እሱም በተራው ጥቁሩን መስኮት አሳያት፤ ያለ ማውስ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ፋይል የሚያነብና መልሶ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። ሮማን ትእዛዞቹን ፊደል በፊደል ገልብጣ ያዘች። የተማረ ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ስላስተማራት ኮርታ ነበር።

ሕትመቱ ሲቃረብ ዮናስ አንድ ረዥም ትእዛዝ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጣት። ፋይሎቹ መጽዳት አለባቸው፤ አስነብበሽ እዚያው በላያቸው ላይ አስጽፊ አላት። ሳትጠይቅ ጻፈችው። ስድሳ ስድስቱንም መጻሕፍት ለምሳ ሳትወጣ ጨረሰች።

ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ነጥብ ልታርም መጽሐፈ ሩትን ስትከፍት ከአናቱ ስሟ የለም። አሞጽን ከፈተች፣ ዘፍጥረትን ከፈተች። ሁሉም ላይ ያለው የዮናስ ስም ነው። ብጣሿን ወረቀት ፈልጋ አየች፤ በትእዛዙ መጨረሻ ስሙ ተጽፏል። ያን ዕለትም አይታው ነበር፤ የኮምፒውተሩ ስም መስሏት አለፈችው። በገዛ ጣቷ ነው የጻፈችው።

ወደ ጋሼ ክብሩ ልትሄድ ተነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልትላቸው ነው?

ከሰዓት በኋላ ዮናስ ራሱ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ፕሮግራሙ የሽማግሌዎቹንም ማስታወሻ ጥሎታል፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ እየጠበቀ ነው። ያልተነካው ቅጂ ያለው ሮማን በየዓርቡ በምትገለብጥበት ፍላሽ ላይ ብቻ ነው።

«እህት ሮማን፣ ፍላሽሽን አውሺኝ» አላት።

«የጠፋው ማስታወሻው ብቻ ነው?»

መሬት መሬት አየ። «የጌታ ሥራ ነው እኮ። የማንም ስም ቢወጣ ምን ይለያል?»

«ካልለየ የኔን ለምን አወጣኸው?»

ፍላሹ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጠፍቶብኛል ብትል ማንም አይፈትሻትም። ግን ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፤ የእጅ ጽሑፋቸውም ከተተየበ በኋላ አልተቀመጠም፤ የደከሙበት ሐሳብ ከዚያ ፍላሽ ሌላ የትም የለም። አውጥታ ሰጠችው።

«ከአናቱ ጀምረህ ገልብጥ» አለችው።

«እሺ፣ ሙች» አላት።

መጽሐፉ ታትሞ መጣ። የሽማግሌዎቹ ማስታወሻ በየገጹ ግርጌ አለ፤ አንዱም አልጎደለም። በመጨረሻው ገጽ ግን የታይፒስት ስም በሚለው ሥር ዮናስ ብቻውን ቆሟል። ፍላሹን በማግስቱ አመስግኖ መልሶላት ነበር፤ እሷም አምናው ሳታየው አስቀምጣዋለች። አሁን አውጥታ ሰካችውና አንብብ የሚለውን ትእዛዝ ጻፈች። የሚነበብ ፋይል የለም አላት ጥቁሩ መስኮት።

ነቅላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ቢሮው አዲስ የጀመረውን የልጆች መጽሐፍ ረቂቅ ሳበችና ፋይል ከፈተች። ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ዘላው ወደ ምዕራፍ አንድ ወረደች።