የማይናደፉት የኤርሚያስ ንቦች

ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ ጋሼ ተክሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ንብ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። «አልፈራም» አልኩ። «በይ እንግዲህ የንብ ባለሙያችን ነሽ» አሉ። እኔ እኮ የተማርኩት ስለ ከብት መኖ ነው! አንድ ጭስ ማጨሻ፣ መረቡ የተቀደደ የፊት መሸፈኛና ነዳጅ የሌለው ሞተር ሳይክል አስረከቡኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሞተሩ ነዳጅ ያገኘበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነበር።

ሥራዬ ባጭሩ ይህ ነበር፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ቀፎ፣ ያገለገለ ሰም ወይም የንብ መንጋ ከሰው ጓሮ ከመግባቱ በፊት ከፍቶ ማየት፣ ከተጠራጠሩ ማገድ። ቀፎው የታገደበት ሰው ደግሞ አይወድሽም። ሆመቾ ገበያ ሳልፍ «ማርታ መጣች፣ ንቦቻችሁን ደብቁ፣ ግብር ልታስከፍላቸው ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ አብሬ እስቅ ነበር። ኋላ ግን አንገሸገሸኝ።

አባባ ሎምባሞ ከሆመቾ ወጣ ብለው የሚኖሩ ንብ አናቢ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከንቦቻቸው ጋር ነበር የሚያወሩት፤ በሀድይኛ ይመርቋቸዋል፣ ሲያናድዷቸውም ይሰድቧቸዋል። እርጅና ሲጫናቸው ግን ሰውነታቸው ንድፊያ መቋቋም አቃተው። አንድ ቀን ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሐኪም ቤት ገቡ። ሐኪሙ «ንቡን ይተዉት» አላቸው። «ልተወው? ትቼውስ ከማን ጋር ልውል?» አሉኝ።

ይህን ወሬ ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው ኤርሚያስ ሰማ። እዚያ እንዳሉት ያገራችን ልጆች ሁሉ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጎረቤቱ የሆነ ንብ አናቢ በባዶ እጁ ቀፎ ሲከፍት አይቶ ለአባቱ ተመኘ።

ሲመጣ የምስጋና ፕሮግራም ተደረገ፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መዘምራን፣ እኔም ጭምር ተጠራን። ከጸሎቱ በኋላ ኤርሚያስ ከኮቱ ኪስ አንዲት ወንፊት ያላት የእንጨት ሣጥን አወጣ። ውስጧ አንዲት አውራና ጥቂት ሠራተኛ ንቦች አሉ፤ ጥቋቁር ናቸው። «አባዬ፣ እነዚህ አይናደፉም» አለ። እልልታው ቀለጠ። አባባ ሎምባሞ ሣጥኗን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ።

እኔ ግን «በማን ፈቃድ ገባ?» ብዬ ብድግ አልኩ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ «እህት ማርታ፣ ዛሬ እኮ የምስጋና ቀን ነው» አሉኝ። እኔም አስረዳሁ። በዚያ አገር ደቡብ ጫፍ የሚገኝ የንብ ዓይነት አለ፤ ሠራተኛዋ ያለ ድንጉላ፣ ማለትም ያለ ወንድ ንብ ትወልዳለች፣ የሌላ ንብ ቀፎ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ባለቤቶቹ ንቦች የማይሠሩትን ልጆቿን ሲያሳድጉ ቀፎው ያልቃል። ኤርሚያስ ያመጣው ያ እንዳይሆን ነበር ፍርሃቴ። «ንብ ለንብ ጠላት ሊሆን? ኧረ እህት ማርታ!» አለ አንዱ። ሳቁ!

በማግስቱ ጋሼ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። «ሣጥኗን እንውሰድ፣ ሳይቃጠል በቅጠል» አልኳቸው።

«አንቺ ማርታ፣ አንድ ሽማግሌ የልጁን ስጦታ ተቀማ ተብሎ ስሜ እንዲነሳ ነው? ናሙና ላኪ። ኮሚቴም እናቋቁማለን።»

ኮሚቴ! ንቧ ኮሚቴ ትጠብቅ ይመስል! ከሣጥኗ ጥቂት ንቦች ለምኜ ወስጄ አልኮል ውስጥ ነክሬ ለላቦራቶሪ ላክሁ። የቀሩትን አባባ ከቀፎዎቻቸው አንዱ ውስጥ ለቀቁ። ኮሚቴው አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሻይ ጠጥቶ ተበተነ። ክረምቱ አልፎ አደይ ከወጣ በኋላ መልስ መጣ፤ ያው የፈራሁት ንብ ነው፣ «ባስቸኳይ ይወገድ» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጓሯቸው ስደርስ አባባ ሎምባሞ ያለ መሸፈኛ ቀፎ ከፍተው ቆመዋል። «ተመልከቺ ልጄ፣ አንዷም አልነደፈችኝም» አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በማር እንጀራው በአንዷ ቀዳዳ ውስጥ አንድ መሆን የነበረበት እንቁላል ተከምሯል፤ አውራ የለችም። ሜዳው አደይ ለብሶ ለአበባ የሚወጣ ንብ የለም። ጎን ያሉትን ከፈትኩ፤ ጥቋቁሮቹ እዚያም ገብተዋል። ከእነሱ ሁለቱማ ጭራሽ ባዶ ነበሩ።

«ጨዋነታቸውማ መች ጠፋ አባባ! የሚሠራ ነው የጠፋው» አልኩ። ተናድጄ ነው፤ አፌ አላረፈም። ከዚያ «ለሰው አካፍለዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከውጭ የመጣ ነገር ለብቻ አይበላም፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። «አንድ ቀፎ ወደ ፎንቆ ልኬያለሁ፤ ለአቶ ሀንዲሶ» አሉ። አቶ ሀንዲሶ የሴት ልጃቸው አማት ናቸው።

«ይመለስ።»

«ልጄን ለዳርኩበት ቤት ሰጥቼ ልንሳ? ከዚያ ልጄ በዚያ ቤት በምን ፊቷ ትኖራለች?»

ያን ዕለት እሺ አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ራሳቸው ቢሮ መጥተው «ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝ።

ፎንቆ ስንደርስ ቅቤ የጠገበ፣ ከእንሰት የሚሠራ አታካና ቀረበልን። አባባ እጃቸውን አልዘረጉም። «ጉዳዬን ሳልናገር አልቀምስም። የሰጠሁህን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ።

አቶ ሀንዲሶ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን አጠፋን?»

«ምንም። በሽታ ነው የሰጠሁህ፤ ሳላውቅ።»

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ቀሪውን መናገር የእኔ ሥራ ነበር። ስንገባ ጓሯቸውን አይቻለሁ፤ የራሳቸውም ቀፎዎች ተይዘዋል፣ ሁሉም መቃጠል አለባቸው። አቶ ሀንዲሶ ብድግ አሉ። «የእኔ ንብ ምን አደረገ? ማንም ክብሪት ይዞ ጓሮዬ አይገባም!»

አባባ ሎምባሞ አልተከራከሩም። «የእኔ ይቅደም። መጥተህ እይ፣ ከዚያ አንተ ትወስናለህ» አሉ።

በማግስቱ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ንቦቹ ሁሉ ሲገቡ፣ መግቢያዎቹን በጭቃ ደፈንን። ጉድጓዱ ተቆፍሯል። አቶ ሀንዲሶ መጥተው ከእንሰቱ ጥግ ቆመዋል። አባባ ሎምባሞ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አቀበሉኝ፤ እያንዳንዱን በሀድይኛ የሆነ ነገር እያሉ። ያልሰማሁ መሰልኩ። እሳቱ ሲነሳ ሰሙ ሸተተ። አቶ ሀንዲሶ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ፤ በማግስቱ የራሳቸውን በገዛ እጃቸው አቃጠሉ።

አባባ ሎምባሞ አመዱን አፈር ካለበስነው በኋላ «እንግዲህ የሚነድፈኝ የለም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቀፎ አልሰቀሉም። እኔም ይስቀሉ ብዬ አልጎተጎትኳቸውም።

ጥቂት ሰንብቶ ኤርሚያስ ደወለ፤ ከምስጋናው በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሷል። እያለቀሰ ነው። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። «ስትገባ አንድ የጠየቀህ ሰው የለም?» አልኩት።

«ጠይቀውኛል። ‹እንስሳ ይዘሃል?› አሉኝ። ‹አልያዝኩም› አልኩ። አልዋሸሁም እኮ እህት ማርታ፤ እኛ ቤት እንስሳ ማለት ላምና በግ ነው።»

እኔም ራሴ በየሪፖርቴ ላይ ንቡን ሳልለይ «እንስሳት» ብዬ ነበር የምጽፈው። ጥያቄው ይቀየር ብዬ ለጋሼ ተክሌ ብነግራቸው «ይታሰብበታል» አሉኝ፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ አልታሰበበትም።

ስለዚህ በሩ ላይ ለምትቆሙት፣ በመንገድ ኬላም ሁኑ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። «እንስሳ ይዘሃል?» አትበሉ። «ንብ ይዘሃል?» በሉ።