ድምፁን ዝጉት!

ያ እርምጃ ሰሞኑን ተመልሶ መጣብኝ፤ በእንጨት ወለል ላይ የሆነ ነገር እየጎተተ የሚሄድ፣ ሦስት ጊዜ ረግጦ አንዴ የሚቆም፣ ሲቆም ደግሞ የሚተነፍስ። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከሳሎን ሰማሁትና ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ልጄ ያንን የጥንቱን አስፈሪ ጌም ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ስልኩ ላይ ጭኖት፣ ፍራሹ ላይ ተንጋሎ ይስቃል። «እማ፣ ይሄን ነው ትፈሩት የነበረው? የሴትዮዋ ፊት እኮ ካርቶን ነው!» አለኝ። «አንተ ስለ ፍርሃት ምን አባክ ታውቃለህ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

የዛሬ ልጆች ደም በበዛ፣ ጥርስ በረዘመ ቁጥር የሚያስፈራ ይመስላቸዋል። እስቲ ተዉኝ! ጀማሪ በጥርስ ይፈራል፤ ብዙ የተጫወተን ሰው የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው፣ እኔ ይህንን በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ እዚሁ ከሚሴ፣ እዚሁ ቤት ነው የተማርኩት።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ የጨፋውን ማሳ ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ታላቅ ወንድሜ ጀማል ደግሞ ትምህርቱን ትቶ፣ በአስፋልቱ በኩል ያለውን ክፍል ጌም ቤት አድርጎት ነበር። ማሽኑን ባቲ ገበያ ላይ ከዐረብ አገር ከተመለሰ ሰው ገዝቶት ነው፣ ሲግል በጎኑ ካላቆሙት ሲዲ አያነብም ነበር። እናቴ የኳሱን ጌም አትጠላውም፣ እንዲያውም ጎል ሲገባ ከጓሮ ሆና «ማን አገባ?» ትል ነበር፤ አስፈሪው ሲከፈት ግን ወንፊቷን እንደያዘች ትመጣና፣ «አዑዙ ቢላህ! ጂኒ ሲጠሩት ይመጣል እንጂ ይቀራል? ሥዕሉ እዚያው ይቀራል፣ ድምፅ ግን ግድግዳ ያልፋል። ድምፁን ዝጉት!» ትለን ነበር። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ በር በከፈተ ቁጥርም በእሱ ፈንታ ቢስሚላህ እንድንል ታስገድደን ነበር።

ስለዚህ ያንን ክረምት ሙሉ ድምፁን ዘግተን ተጫወትን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አስፋልቱ ጎርፍ ሲሆንና ደንበኛ ሲጠፋ፣ እኔና ጀማል ቆሎ እየቆረጠምን ጌሙ ውስጥ ያለውን የተረገመ ቤት ከላይ እስከ ታች አጠናነው፤ ከደረጃው ሰባት እርምጃ ተራምደን እንቆማለን፣ ያቺ የምታሳድደን ሴትዮ ከግራ ትወጣለች፣ ካለፈች በኋላ በሩን እንከፍታለን። የሰፈር ልጆች ሴትዮዋን ሲያዩ ጮኸው ይወጡ ነበር፣ እኛ እናዛጋ ነበር። ብንሞትም ሜሞሪ ካርዱ ላይ ካስቀመጥንበት ስለምንነሳ፣ ሞት ለእኛ እንቅፋት ከመምታት የማይበልጥ ነገር ሆኖ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያሸት፣ እናቴ አንድ ቀን ሰንበቴ ከተማ ለቅሶ ሄደችና ጀማል በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቶ ድምፁን ከፈተው። ያንኑ በቃላችን የምናውቀውን መተላለፊያ ይዘን ስንሄድ፣ መቶ ጊዜ ያለፍነው ባዶ ግድግዳ ውስጥ ሰው ይተነፍሳል! ሴትዮዋ ከግራ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ከግድግዳው ጀርባ ሆና እያንዳንዱን እርምጃችንን እየተከተለች ነበር ለካ። ጆይስቲኩ በላብ ከእጄ አሟለጨኝ። ጀማልም ፊቱ ገርጥቶ፣ «ያ ረቢ! ይሄን ሁሉ ጊዜ አጠገባችን ነበረች እኮ» አለ።

ጀማልን ልክፍት የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ በሌለችበት ሁሉ ድምፁን ይከፍት ጀመር፣ ያም ሲለመድ ጊዜ ሜሞሪ ካርዱን ነቅሎ ኪሱ ከተተና፣ «ስሚ ከድጃ፣ ከእንግዲህ ከሞትሽ ከመጀመሪያው ነው። የሚመለስበት ያለው ሰው አይፈራም» አለኝ። እውነቱን ነበር። የማውቃት በር ሁሉ እንደ አዲስ አስፈራችኝ፣ ምክንያቱም አሁን የሚጠፋ ነገር ነበረኝ።

በጋ ገብቶ አስፋልቱ አቧራ ሲለብስ፣ ዑመር የሚባል ደላላ አግዳሚያችን ላይ መቀመጥ አመጣ። አላህ የእጁን ይስጠው! አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ የሆነ፣ የተወለወለ ጫማ የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ጌም አይጫወትም፣ የሚጫወቱትን ልጆች ያያል እንጂ፣ የሰንበቴ ነጋዴ የወይፈን ጥርስ እንደሚያይ። ጀማል ያለ ሜሞሪ ካርድ ሲጫወት አይቶ፣ «ይሄ ልጅ ፍርሃት የሚባል አልፈጠረበትም። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ልብ ይዞ ከሚሴ መቀመጥ ግፍ ነው! በባቲ ወርደህ አፋርን ካለፍክ ባሕሩ አንድ ቀን ነው፣ ከዚያ ማዶ ሳዑዲ ነው» ይለው ነበር። ወንድሜ አይመልስለትም፣ ጆሮው ግን ቀልቶ አይ ነበር።

እናቴም ሸትቷት ኖሮ፣ ስንት ልጅ በዚያ መንገድ እንደቀረ እየቆጠረች፣ ያን ሰሞን ከጓሮ በር ፈቀቅ አልል አለች፤ ማሽላዋን የምታበጥረው እዚያ፣ ሶላት የምትሰግደው እዚያ። ጀማል እኔን ጠርቶ፣ «ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ አስፈሪውን ክፈቺና ድምፁን እስከ መጨረሻው ልቀቂው። በአስፋልቱ በኩል ሰው ያየኛል፤ እማዬ ልትቆጣሽ ስትመጣ እኔ በጓሮ እወጣለሁ። ከዚያ ጆይስቲኩ ያንቺ ነው፣ ተራ የሚባል የለም» አለኝ። እኔ የተረገምኩ ልጅ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ተራ መጠበቅ ሰልችቶኝ ስለነበር ወንድሜን በጆይስቲክ ሸጥኩት።

በማግስቱ እንደተባልኩት አደረግኩ። ድምፁ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው እናቴ ሰፌዷን ጥላ፣ «አንቺ ልጅ ሸይጧን ገባብሽ?» እያለች ሮጣ መጣች፣ ክንዴንም ቆነጠጠችኝ። ማሳያው ላይ ያለውን ሁሉ አውቀው ነበር፤ ሰባት እርምጃ፣ ሴትዮዋ፣ በሩ። ከጀርባዬ ግን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል፣ የጓሮው በር ሲጥጥ ሲል ሰማሁ። እናቴ አንገቷን ወደ ጓሮ ዘንበል አድርጋ ለአፍታ ቆመች፣ ከዚያ ሶኬቱን ነቀለችው። ስትመለስ ዶሮዎቹ ማሽላውን በትነውት፣ በሩም ገርበብ ብሎ ነበር።

ጀማል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎረቤት ስልክ ላይ ደውሎ፣ «ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ፣ ነገ እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጉልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ጆይስቲኩ የእኔ ሆነ፣ ዳግመኛ ግን አልነካሁትም። ጎረቤት «ሰደቃ አውጡለትና ይውጣላችሁ» ሲል እናቴ፣ «ሬሳውን ያየ ይምጣና ይንገረኝ!» ብላ ታባርር ነበር። ያ ደላላ ሐጅ ደርሶ መጥቶ ሠርግ ላይ ፊት ይቀመጣል፤ መንገድ ላይ «አካም ጂርታ፣ ከድጃ?» ሲለኝ አንድ ቀን ሰላምታውን መልሼለት አላውቅም።

ከእናቴም ጋር ስንጣላ ኖርን። የጓሮው በር ማጠፊያ ዝጎ ሲያላዝን ጆሮ ይበሳል፣ ዘይት ልቀባው ባልኩ ቁጥር፣ «እጅሽን ሰብስቢ!» ትለኛለች፣ እኔም «ግትር አሮጊት» እላለሁ በሆዴ። ያን ቀን ያደረግኩትን አንድም ጊዜ አልነገርኳትም፤ ባወቀች ጊዜ የምታየኝን ዐይን እፈራው ነበር፣ ይኸው ከሃያ ዓመት አያንስም።

ሰሞኑን ልጄን ተቆጥቼ ሳልጨርስ፣ እናቴ ግድግዳ እየዳበሰች ከጓዳ ወጣች። ዛሬ ዐይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ድምፁን ዝጉት ልትል ነው ብዬ ስልኩን ከልጁ እጅ ልነጥቅ ስል፣ አጠገቡ ቁጭ አለችና፣ «ጨምረው» አለችው።

ልጄ እኔን አየኝ።

«ጨምረው እኮ ነው የምልህ! አጎትህ በዚህ ድምፅ ነው የወጣው።»

ስልኩን ልነጥቅ የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ። «እማዬ… በሩን ሰምተሽው ነበር?»

«የገዛ በሬን ሲጥጥታ ላጣው ነው?»

«ታዲያ ለምን አልያዝሽውም?»

ስልኩ ውስጥ ያቺ ሴትዮ ከግድግዳው ጀርባ ትተነፍስ ነበር። «ሄዶ የሚመለስ መስሎኝ ነዋ፣ ከድጃዬ» አለች። «እንዳንቺው፣ ድምፁን ስትለቂለት እንደመሰለሽ።»

ድሮ በዚህ ቤት ድምፁን ዝጉት የምትል እሷ ነበረች፣ አሁን ከዙህር በኋላ የልጅ ልጇን «ኮቱ፣ ና፣ ክፈተው» ብላ የምትጠራውም እሷ ናት። ልጄ ሰባት እርምጃ እየቆጠረ ይጫወታል፣ መፍራትም ጀምሯል። እኛ ሁለታችን ግን ማሳያውን አናይም፤ ጀርባችንን ሰጥተነው፣ ዘይት ወዳልነካው በር ዞረን እንቀመጣለን።