በአቼቶ የሰነበተ ሥጋ

ባሌ ወደ ሶሻሊስቱ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ሦስት ዓመት መካኒክነት ተምሮ ሲመለስ፣ የማላውቀውን ጠባይ ይዞ መጣ፤ ማድቤት መግባት። ከመሄዱ በፊት ውኃ እንኳ ቀድቶ የማይጠጣ ሰው ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ደስ ይላት ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ደሜ አልወደደውም። ወንድ ልጅ ሽንኩርት መክተፍ ተምሮ ከመጣ፣ አጠገቡ ቆሞ ያስተማረው ሰው አለ ማለት ነው።

አንድ ሰኞ ከዶሮ ማነቂያ ሁለት ኪሎ የበሬ ታፋ ገዝቶ መጣና ትልቁን የሸክላ ድስቴን ጠየቀኝ። ሥጋውን ሳይቆርጥ እንዳለ ከተተው። አቼቶ በውኃ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ስድስት ፍሬ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ አፍልቶ አቀዘቀዘና አፈሰሰበት።

«መቼ ሊበላ ነው?» አልኩት።

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ? ሥጋ ነው ጠላ የምትጠነስሰው?»

ሳቀ። ጀርመኖች እንግዳ ሲያከብሩ እንዲህ ይሠራሉ አለኝ። ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው፣ «ካንቲን ውስጥ አይቼ» አለ። ካንቲን ተሰልፎ የበላ ሰው፣ ቅርንፉዱ ስድስት ፍሬ መሆኑን በምን ያውቃል?

በዚያ ዘመን ሁሉም ሁሉን ይጠረጥር ነበር፤ እኔም የመርማሪነቱን ሥራ ፒያሳ ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤታችን ውስጥ ያዝኩት። እሱ ጠዋትና ማታ ሥጋውን ሲያገላብጥ፣ እኔ የሻንጣውን ገበር እዳስሳለሁ፣ የኮቱን ኪስ እፈትሻለሁ። ከአንድ የትራም ትኬት በቀር ምንም አላገኘሁም። በስምንት ዓመት ትዳር ልጅ አልሰጠንም፤ ጊዮርጊስ ደጅ ያልተሳልኩት ስለት የለም። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ቢሄድብኝ የሚቀረኝ ባዶ ቤት ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ሥጋው ቤቴ ተቀምጦ እኔ ሽሮ ስበላ ንዴቴ ባሰ። ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት ጎረቤታችን ደጃፌ ላይ ቆመው አሸተቱ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥጋ ይዞ ሲገባ አይቻለሁ፤ የቁሌት ሽታ ግን የለም። ምን እያደረጋችሁት ነው?»

«እየሰነበተ ነው፣ እትዬ። የውጭ አገር አሠራር ነው።»

«የባልሽንስ ጤና ጠይቀሻል?» ብለውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ ሥጋውን አውጥቶ አደረቀና በዘይት ጠበሰው፤ ከዚያ በዘፈዘፈበት ውኃ ሦስት ሰዓት ያህል ቀቀለው። መጨረሻ ላይ ብስኩት ሰባብሮ መረቁ ውስጥ ጨመረ፤ እንዲወፍር ነው አለኝ። በማንኪያ ጥቂት ቀዳና የእጁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን ለካ። ምላስ እያለው! አየሁና በልቤ ያዝኩት።

ለመብላት ተቀመጥን። ሥጋው በጣት ይቆረሳል፤ ኮምጠጥም ጣፈጥም ይላል። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር፤ ያም አናደደኝ። ባሌ በእንጀራ ጉርሻ ማዘጋጀት ጀመረ። ስቡን ለቅሞ አወጣ፣ ሥጋውን በጣቶቹ አድቅቆ በተነው፣ ጠቀለለውና እፍ እፍ አለበት። የመጀመሪያው ጉርሻ ሁልጊዜ የእኔ ስለሆነ አፌን ከፈትኩ።

እጁ ወደ እኔ አልመጣም። በግራው በኩል ወዳለው፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት ወንበር ዞረ፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ።

ሁለታችንም እጁን አየነው።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት።

ጉርሻውን እንደያዘ፣ «ሁለት ሊሞላት ነው» አለኝ።

ስድስት ቀን ሙሉ ስፈልግ የነበረው ውሽማ ነበር። ውሽማ ብትሆን እሰድባት ነበር። ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ምን እላታለሁ? ቀናሁባት፣ በጣም ቀናሁባት።

ጉርሻ መመለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እጁን ይዤ ወደ አፌ አመጣሁት። ለትንሽ አፍ የተሠራ ስለነበር ማኘክ እንኳ አላስፈለገኝም።